ከጨርቋ የፈታሁት ሬዲዮ

ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ የሚያነሳው ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ነው። ቦምብ የሚጥሉትን፣ ፎቶ የሚነሱትን፣ አብራሪዎቻቸው የቆዳ ጃኬት ለብሰው ሴት የሚያሳብዱትን። የእኛዋን የሚያነሳ የለም። የእኛዋ የብረት አጥንቷ ላይ ሸራ ተወጥሮ በቫርኒሽ የተቀባች፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የሚቀመጥባት፣ ከመንገድ ላይ ተነስታ ማሳ ላይ የምታርፍ ቀላል አውሮፕላን ነበረች። ወታደሩ «ጨርቋ» ይላት ነበር። መጀመሪያ ለፌዝ ያወጡላት ስም ነው። ከቤት የተላከላቸውን ደብዳቤ የምታደርስላቸው እሷ መሆኗን ሲያዩ ግን ያው ስም የቁልምጫ ሆነ። ሰው እንዲህ ነው፣ ጥቅሙን እስኪያይ ድረስ ያሾፋል።

እኔ መካኒኳ ነበርኩ። አሁን አርጅቻለሁ፣ ነገር ቶሎ ይሰለቸኛል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም ይሰለቸኝ ነበር። ስለዚህ ሳላንዛዛ ልናገር።

ጨርቋ ትእዛዝና ካርታ ታመላልሳለች። መንገድ ሲዘጋ አዛዦችን ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ታደርሳለች። መድፈኞቻችን የተኮሱት የት እንደወደቀ ከላይ አይታ ትነግራቸዋለች። የተከበበ ጦር ካለ መድኃኒትና ባትሪ ወስዳ፣ በመልሱ የኋላው ወንበር ላይ አንድ ቁስለኛ ይዛ ትመጣለች። አንድ ብቻ። ሞተሯ ከዚያ በላይ አይችልም።

ስለዚህ የእኔ ዋና ሥራ ሞተር መፍታት ሳይሆን መመዘን ነበር። የሰፈርነው ባለቤቶቹ ጥለውት በሸሹት የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የሸረሪት ድሩ ሳይቀር ነጭ ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፋችን የምንነሳው ሽማግሌ መስለን ነው። የጆንያ መመዘኛው ትልቅ ሚዛን በሩ አጠገብ እንደተተከለ ነበር፣ ወረስኩት። ወደ ጨርቋ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይወጣል፤ የደብዳቤው ከረጢት፣ የመድኃኒቱ ሳጥን፣ አብራሪው፣ የአብራሪው ጫማ። አንድ ቀን የእኛን ሻለቃ ከነሻንጣቸው መዘንኩና «ጌታዬ፣ ወይ እርስዎ ይሂዱ ወይ ሻንጣዎ ይሂድ» አልኳቸው። ሻንጣቸውን ትተው ሄዱ፤ ሳምንት ሙሉ ግን አኮረፉኝ። ስሜም ከዚያ ወዲህ «ሚዛን» ሆኖ ቀረ።

አብራሪው መቶ አለቃ ነበር። ላባ እንለዋለን። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሲበዛ ቀጭን ስለሆነም ነው። ቀበቶ አልበቃ ብሎት ሳይሆን አልጠብ ብሎት ሱሪውን በገመድ ነበር የሚያስረው። እኔ ሰው ፊት «መቶ አለቃ» እለዋለሁ፣ ለብቻችን ስንሆን «አንተ»። እሱ ግን በዕድሜ ስለምበልጠው የትም ቦታ «ጋሼ ሚዛን» ነው የሚለኝ።

«ጋሼ ሚዛን፣ ዛሬ አንድ ዳቦ ጨምሬ በልቻለሁ። ልናዘዝ ወይስ ዝም ልበል?»

«ውጣና ሚዛኑ ይናገር።»

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፣ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው። «እሷ ትለያለች፣ እኔ አደርሳለሁ፣ እኛ ቤት ያለ ቴምብር የሚኖር የለም» እያለ ይቀልድ ነበር። እወደው ነበር። ይህንን በሕይወቱ ሳለ አልነገርኩትም፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

እኔም ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አባታችን በጊዜ ስለሞተ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ፣ ሲያጠፋ የምገርፈው እኔ፣ ከገረፍኩት በኋላ ደብቄ ከረሜላ የምሰጠውም እኔ። እሱ ያለበት ጦር ከእኛ የአርባ ደቂቃ በረራ ርቆ፣ አንድ ተራራ ጫፍ ላይ ተከቦ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሬዲዮኛው ወረቀት ይዞ መጣ። ተራራው ላይ ያለው ሐኪም የሚወጡትን ቁስለኞች ስም በተራቸው ያስተላልፋል፤ እኔ ስለምጨቀጭቀው ደግሞ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሚገምተውን ኪሎ ይነግረናል። የዚያን ቀን አራት ሰዎች ነበሩ። አራተኛው ወንድሜ ነው። ጭኑን ተመትቷል፣ ብዙ ደም ፈሶታል፣ አርባ ስምንት ኪሎ።

ከቤት ሲወጣ ስልሳ ስድስት ኪሎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመትቷል» የምትለዋን ቃል አንብቦ ነበር የሚደነግጠው። እኔን ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ነው። ያ ሁሉ ወንድሜ አርባ ስምንት ኪሎ ብቻ ቀርቷል።

«አይዞህ፣ ተራው ይደርሳል» አለኝ ሬዲዮኛው።

«ተራራውን እስከ ስንት ሰዓት እንይዘዋለን አሉ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጥይታቸው ያልቃል።»

እንዲህ ያለው ሒሳብ ለማንም አይከብድም። አንዱ ጉዞ፣ መጫኛውና ነዳጅ መቅጃው ታስቦ፣ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከንጋት እስከ ቀትር ሦስት ጉዞ ነው፣ በሦስት ጉዞ ሦስት ሰው። ወንድሜ አራተኛ ነው።

ሐኪሙን ተራውን ቀይርልኝ ብዬ ማስለመን እችል ነበር። አላደረግኩትም። የሌላውን ሰው ልጅ ገፍቼ እንዴት አድሬ እነሳለሁ? ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢወጡስ? ያን ጊዜ ወንድሜ በሁለተኛው ጉዞ ይገባል፤ የማንንም ተራ አልወሰድኩም፣ ማንም በእኔ ምክንያት አልቀረም። በሰው ላይ ግፍ ሳልሠራ ወንድሜን የማወጣበት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። እንዲያውም በራሴ ኮራሁ።

መፍቻዬን አነሳሁ። የኋላውን ወንበር ነቀልኩ። በሯን አወለቅኩ። የመሣሪያ ሳጥኑን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የአብራሪውን ትራስ ሳይቀር አወረድኩ። ነዳጁን ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ የሚበቃ አደረግኩት። ከዚያ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ደመርኩ። ከተራራው ላይ ሁለት ሰው ይዛ ለመነሳት አሥራ ስድስት ኪሎ ይበዛባታል። ሬዲዮው ከነባትሪው አሥራ ሰባት ኪሎ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሻለቃው ካልፈረሙ በቀር ጨርቋ ያለ ሬዲዮ አትነሳም። ሻለቃው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ጠቅላይ መምሪያ ናቸው። ሬዲዮውን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ አራቱንም ፈታሁ።

ላባ እያዛጋ መጣና ባዶውን ቦታ አየ።

«ሬዲዮዬስ?»

«ተበላሽቷል። ልጠግነው አወረድኩት።» ይህን ስል ዓይኑን አላየሁም። «ከወረደ አይቀር ወንበሩንም አነሳሁት። ሁለት ሰው አስተኝተህ ማምጣት ትችላለህ።»

ከፊቴ አልፎ ጆሮዬን አየ።

«ይሁን» አለ። «በዚያ ሬዲዮ ከሻለቃው ቁጣ በቀር ሰምቼ የማውቀው ነገር የለም።»

ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ሃምሳ አንድ ኪሎ። ወረደና ሄደ።

የመጀመሪያው ጉዞ እንደ ሐሳቤ ሆነ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርቋ ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ሁለት ቁስለኞች እግርና ራስ ሆነው ተኝተዋል። አንደኛው የደረት ቁስለኛ ነው፣ ሲያወርዱት እጄን ያዘና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ከልቤ ነው የምለው፣ በዚያች ሰዓት ከእኔ የተሻለ ብልህ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ነዳጅ ቀዳሁ፣ ሸራው ላይ አንዲት ቀዳዳ አገኘሁና በማጣበቂያ ደፈንኳት፣ ላባ ቆሞ ሻይ ጠጣ። ከዚያ ወንድሜን ሊያመጣ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። ሻለቃው ድንገት ቢመጡ ሬዲዮውን እየጠገንኩ መምሰል አለብኝ። ስለዚህ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት፣ ባትሪው ላይ ሰካሁት፣ ከፈትኩት፣ ክዳኑን አንስቼ ጎኑ ላይ አጋደምኩት። ምንም አልነበረበትም፣ ጤነኛ ነው።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሬዲዮኛው በጎን ባለው ክፍል፣ ድሮ የፋብሪካው ጸሐፊ ይሠራበት በነበረው ቦታ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ በኩል ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ድምፁ የመጣው ግን በበሩ አይደለም። ከጠረጴዛዬ ላይ ነው።

«ላባ፣ ላባ፣ ተመለስ። ማረፊያ ሜዳው እየተመታ ነው፣ እንዳታርፍ። ላባ፣ ሰምተኸኛል? ተመለስ።»

ከጨርቋ ጋር የሚነጋገሩት በጭንቅ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጠላት እንዳይሰማ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጉዞ የጠራው አልነበረም፣ ሬዲዮው መውረዱንም ሬዲዮኛው አያውቅም። አሁን ይጠራል፣ ጥሪው እኔ ፊት ይጮኻል። «ላባ፣ እባክህ መልስልኝ።» አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ከዚያ በሩን በርግዶ ገባ።

«ምነው አይመልስልኝም? ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ጠላት ሜዳው ጫፍ ደርሷል፣ አውሮፕላኗን መልሷት ይላሉ። ምን ነካው ይሄ ሰው?»

ጠረጴዛውን አየ። እኔን አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ክፍሉ ተመለሰና መጥራቱን ቀጠለ። እንደማይሰማ እያወቀ ጠራው፣ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሬዲዮ ለመዝጋት አልደፈርኩም።

ጨርቋ ወደ ተራራው የምትሄደው በሸለቆው ውስጥ ተደብቃ፣ ዛፍ ለዛፍ ነው። አብራሪው ሜዳውን የሚያየው ሊያርፍበት ሲል ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሬዲዮኛውም ያውቃል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን።

መጣች። ከሰዓቷ አሥር ደቂቃ ዘግይታ፣ አንዱን ክንፏን ዝቅ አድርጋ መጣች። ሸራዋ ከሆዷ ተቀዶ በነፋስ ይርገበገባል። መንገዱ ላይ በቀስታ አረፈች፤ እንደዚያ ቀን አሳርፏት አያውቅም፣ ጎማዋ መሬት ሲነካ እንኳ አልዘለለችም። ሞተሯ ጠፋ። እየሮጥኩ ስደርስ የሞተሩ ማጥፊያ ላይ ያለው የላባ እጅ ገና አልወረደም ነበር። ፊቱ ወደ ፊት ያያል። ጥይቱ በወለሉ ሸራ በኩል ነው የገባው፣ ጨርቅ ጥይት አይመልስም። ደሙ ከወንበሩ ሥር ሄዶ ከኋላ የተኙት ሰዎች ዘንድ ደርሷል።

መጀመሪያ ማንን እንዳየሁ ልናገር? ወንድሜን ነው። ላባን አልፌ፣ በእሱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ፣ ወንድሜ ይተነፍስ እንደሆነ አየሁ። ይተነፍሳል። «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የላባን አንገት የዳሰስኩት። ልቡ ቆሟል።

ተራራው በአምስት ሰዓት ወደቀ። ሐኪሙም፣ እዚያ የቀሩትም አልተመለሱም። ሻለቃው መጡ፣ ሪፖርት ጻፉ፤ «በጠላት ተኩስ» ይላል። ሬዲዮኛው ዝም አለ፣ ተጠይቆ ይሁን ሳይጠየቅ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገረኝም።

ወንድሜ ሆስፒታል ሳለ፣ ደም ተሰጥቶት ፊቱ ሰው ሰው ሲመስል፣ የሆነውን ነገረኝ። ላባ እንዳረፈ አፈሩ በየቦታው እየተነሳ ነበር። ዞሮ መሄድ ይችል ነበር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃቸው።

«ሲያስገቡኝ ዘወር ብሎ አየኝና ‹የሚዛን ወንድም አንተ ነህ?› አለኝ። ነኝ አልኩት። ‹አራተኛው አንተ መሆንህን ሬዲዮኛው ነግሮኛል፤ ወንድምህ ደግሞ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል› ብሎ ሳቀ። ምን ማለቱ ነው፣ ጋሼ?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ነገርኩት። አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከሥሩ ሆኖ «እህት አለችው አይደል?» አለኝ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ፈቃድ አገኘሁና ሄድኩ። ወንድሜ ካልወሰድከኝ ብሎ በክራንች ተከተለኝ፤ ፖስታ ቤቱ በር ስንደርስ ግን ግባ ብለው እምቢ አለ። ማዶ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች ለመጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ያው ቅጥነት ነው። ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ማኅተሙን አስቀመጠችና ደብዳቤ ወደሚለይበት የጓዳ ክፍል አስገባችኝ። ግድግዳው ሙሉ በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው።

«ሚዛን የሚሉት እርስዎ ነዎት?» አለች። «ይጽፍልኝ ነበር። ‹ዳቦ ይቆጥርብኛል› ይል ነበር።» ፈገግ አለች። «ይቀመጡ እንጂ።»

መቀመጥ አልቻልኩም።

«መርዶውን ማን ነገረዎት?» አልኳት።

«ማንም። እዚህ ቆሜ ደብዳቤ ስለይ ከሌሎቹ መሀል የራሴን ስም አየሁት። የመምሪያው ማኅተም አለበት። እንዲህ ያለውን ፖስታ ለሰው ስልክ ኖሬያለሁ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ።» መነጽሯን ነካካች። «የቀሩትን ለይቼ ጨርሼ ነው የከፈትኩት።»

«እህቴ፣ የመጣሁት ላጽናናዎት አይደለም። ልነግርዎት የሚገባ ነገር ስላለ ነው።»

ነገርኳት። ዝርዝሩን፣ አራተኛውን ስም፣ አራቱን ብሎኖች፣ ተበላሽቷል ብዬ መዋሸቴን፣ ጠረጴዛዬ ላይ የጮኸውን ጥሪ። ላባ ውሸቴን ነቅቶበት እንደነበር ብቻ አልነገርኳትም። ጥፋቴን ለሞተ ሰው ማካፈል መሰለኝ።

«ሬዲዮው ቢኖር ይመለስ ነበር?»

«ይመለስ ነበር።»

«ወንድምህስ?»

እርስዎ ማለቷን ተወች።

«ተራራው በአምስት ሰዓት ወደቀ። እዚያ የቀሩት—»

«ወንድምህን ነው የጠየቅኩህ።»

«አይተርፍም ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ማዶ፣ ደረጃው ላይ።»

ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ረጅም ጊዜ አየችው። ወንድሜ እንደሚታይ አላወቀም፣ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«የኔው ሃያ ስድስት ሞልቶት ነበር።» ዘወር አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ የሚሆነውን ሁሉ እያወቅክ፣ ትፈታዋለህ?»

መንገድ ሙሉ የተለማመድኩት ሌላ ነገር ነበር። አልፈታም ልላት፣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ልላት ነበር። ግን አልፈታም ማለት ያ ማዶ የተቀመጠው ይሙት ማለት ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

«እፈታዋለሁ» አልኩ።

ይህን ስሰማ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

«እኔም እፈታው ነበር» አለች። «የኔው ተራራው ላይ ቢሆን፣ የአንተው ደግሞ አብራሪ ቢሆን፣ አንተን ሳልጠይቅ እፈታው ነበር። ስለዚህ አልረግምህም። ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ። እሱንም እንዳታመጣብኝ። ባየሁት ቁጥር ይሄ ነው የቀረው እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ምን አጠፋ?»

ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለሰች። ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቋት ነበር። መነጽሯን አደረገች፣ «ቀጣይ» አለች፣ ማኅተሙ መምታቱን ቀጠለ።

መንገዱን ተሻገርኩ። ወንድሜ ክራንቹን ተደግፎ ተነሳና ፊቴን አየ፣ ምን አለች ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለና ወደ መኪና መሳፈሪያው መሄድ ጀመርን። በሕይወት ኖሮ አብሮኝ ስለሄደ ደስ አለኝ። እዚያው፣ በእሷ መስኮት ፊት ለፊት ደስ ስላለኝ አፈርኩ።